ከኋላ ለጠራ

በጅንበላ ጤና ጣቢያ የዓይንና የጆሮ ምርመራ የሚሠራው ከምሳ በኋላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ክፍሉን የሚያስሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ስለሚሞሉት ሹክሹክታ ቀርቶ ጩኸትም አይለይበትም። ሲስተር ውባለም ከምሳ ስትመለስ መጋረጃውን ትጋርዳለች፤ በሽተኛውን ከደረቅ ወንበር ላይ ታስቀምጥና እጇን እስክታሞቅ ድረስ ዝም ብላ ታየዋለች። የዓይኑ ቆብ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የዓይኑ ነጭ፣ ከዚያ ብሌኑ። ትንሿን ባትሪ ከጆሮ ግንዱ በኩል ታመጣና ብርሃኑ ሲያርፍበት ብሌኑ እንዴት እንደሚጠብ ታያለች። የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በሽተኛው በእጁ የሚጠቁምበት ሰሌዳ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ዓይን ሲያልቅ ጆሮ ይቀጥላል፤ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ታደርግና በመመልከቻዋ መብራት ኩኩን፣ ቅላቱን፣ ታምቡሩን ትፈትሻለች። ሥራዋን የምትወድ ሰው ናት፤ ይህን የሚጠራጠር ሰው በጅንበላ አልነበረም።

የመጨረሻው የሹክሹክታው ፈተና ነው። መምህሯ ቁጥር ሹክ በሉ ብለው ነበር ያስተማሯት፤ እሷ ግን በራሷ መንገድ ስም ነው የምትጠራው። ቁጥር ያልተማረ ገበሬ ጆሮ ውስጥ ቁጥር ማንሾካሾክ ማስጨነቅ እንጂ መመርመር አይደለም ባይ ናት፤ የገዛ ስሙን የማያውቅ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ከበሽተኛው ጀርባ ክንድ ያህል ርቃ ትቆማለች፣ አንዱን ጆሮውን በጣቱ እንዲደፍን ታደርጋለች፣ ትንፋሿን አስወጥታ በቀረቻት ጥቂት አየር ስሙን ትጠራዋለች። የሰማ አቤት ይላል፤ ያልሰማ ዝም ይላል። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ?

በጅንበላ ግን ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ሴቱም ወንዱም፣ ከኋላው ስሙ ሲጠራ አንገቱን ቀብሮ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ውባለም መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱን ጩኸት ጠረጠረች፤ ቀጥላ ቆላ ወርደው የሚውጡትን የወባ መድኃኒት። ከባሏ ተለያይታ፣ ዝውውር ጠይቃ ወደዚህች ገደል አፋፍ ላይ ወደተንጠለጠለች ከተማ የመጣችው በቅርቡ ነበርና የአገሩን ጠባይ ገና አላወቀችም። የከተማውን እኩሌታ ለጆሮ ሐኪም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከች። የተላኩት ሁሉ ጤነኛ ተብለው፣ በመንገዱ ተማርረው ተመለሱ።

በመጨረሻ ነገሩን የነገሯት የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ያልጋነሽ ናቸው። ወለሉን እየወለወሉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ደንቆሮ አይደሉም። አንቺ እኮ ከኋላ ነው የምትጠሪያቸው።»

«እና?»

«ከኋላ ለጠራ አቤት አይባልም። ዞሮ፣ ፊቱን አይቶ ነው። ይሄ ጉም ከገደሉ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ አለ። ሰው የሆነ እንደሆን ዝም ሲሉት ደጋግሞ ይጠራል፤ እስኪሰለቸው ይጠራል። ያ ግን አንዴ ብቻ ነው። አንዴ ጠርቶ አቤት ካላሉት ይተዋል።»

«ካሉትስ እትዬ ያልጋነሽ?»

«ካሉትማ ስማቸውን ሰጡት አይደል?» አሉና ባልዲያቸውን አንሥተው ወጡ።

ውባለም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ንድድ አላት። እንዲህ ያለ ወሬ ምን እንደሚያስከፍል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስምንት ዓመት የሆናት አንዲት ልጇ ኤፍራታ ቀኝ ጆሮዋ የደነቆረው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው፤ ሕፃን ሳለች ጆሮዋ ሲመግል፣ አያቷ በአባቷ በኩል፣ የሰው ዓይን ነው ብለው እናትየው ሥራ በሄደችበት የተቀቀለ ሥር ውሃ አፍስሰውባት ነበር። ታምቡሩ ተበሳ። ሐኪሞቹ ውሃ እንዳይገባበት ጠብቂ፣ ቀስ እያለ ይገጥም ይሆናል አሏት፤ «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ይዛ ዓመታት ተቀመጠች። ነርስ ሆና የገዛ ልጇን ጆሮ አለማዳኗ እንቅልፍ የሚነሳት ጉዳይ ነበር፤ በምድር ላይ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም ቢባል ውሸት አይሆንም።

ከበሽተኛው ሁሉ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ በዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ኤፍራታ ናት። ደህናውን ግራ ጆሮዋን በጣቷ ትደፍናለች፤ እናቷ ከኋላ ቆማ «ኤፍራታ» ትላለች። ዝምታ። አንዳንድ ቀን ልጅቱ የእናቷን ጥላ ግድግዳው ላይ ታይና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጠብቃ «አቤት!» ትላለች፤ እናቷ ደስ እንዲላት ብላ ነው። ውባለም ማጭበርበሯን ታውቃለች። ታቅፋትና ጥላው የማይታይበት ቦታ ወንበሩን ታዞራለች።

ስለዚህ ሲስተር ውባለም ያልጋነሽ የነገሯትን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ጅንበላን አቤት ማሰኘት ያዘች። ግትር ናት፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ግትር ደግሞ ይከበራል። «እዚህ ክፍል ውስጥ ከኋላችሁ ያለሁት እኔ ነኝ። ስማችሁን ስትሰሙ ሳትዞሩ፣ ሳትጠብቁ አቤት በሉ» እያለች አንድ በአንድ አለማመደቻቸው። ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ተማሪዎቹን ክፍል በክፍል መረመረች። ልጆቹማ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት፤ በእረፍት ሰዓት አንዱ ከሌላው ጀርባ እየተሸሸገ ስም ሲያንሾካሽክ፣ ፈጥኖ አቤት ያለ ሲያሸንፍ ይውላል። በዚህ ጨዋታ ከኤፍራታ የሚስተካከል አልነበረም፤ የሰማችውንም ያልሰማችውንም አቤት ትላለች።

ለማስለመድ ከሁሉ ያስቸገሯት አቶ ቢምረው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ግራ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ከትምባሆ የተረፈ ሻካራ ድምፅና የሚያፍን ሳል አላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሩ ሥር ቆመዋል። ውባለም ስማቸውን ከኋላ በጠራች ቁጥር የሽማግሌው ትከሻ ሽቅብ ይወጣል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም።

«ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ዞሬ ልበልሽ» አሉ።

«ከዞሩ ከንፈሬን ያያሉ፤ ጆሮዎ መስማቱን በምን አውቃለሁ? በሉ አባባ፣ ልጅ አይሁኑ።»

በመጨረሻ፣ ልብሱን ሰው ፊት እንዳወለቀ ሰው አፍረው፣ ቀስ ብለው አቤት አሉ። ወይዘሮ አንጓች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ውባለም ግን ደስ አላት፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ደጋግማ አስባለቻቸው።

ሰኔ ገባ። ጉሙ ከሰዓት በኋላ ከገደሉ ሥር ይነሣና የአፋፉን አጥር ተሻግሮ፣ መጀመሪያ የጤና ጣቢያውን የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱን፣ ቀጥሎ በረንዳውን እየዋጠ እስከ መስኮቱ ይደርሳል። ሲደርስ ድምፅ ሁሉ ይለወጣል። የቅርቡ የራቀ፣ የራቀው ከጎን ያለ ይመስላል፤ የአህያ ኮቴ ከጣራው በላይ የሚሄድ ሊመስል ይችላል። ከገደሉ በኩል ደግሞ፣ እረኞች ይሆናሉ ብላ የገመተቻቸው፣ የሚጣሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ልመና መሆኑ ግን ይታወቃል። ከተማው ውስጥ ማንም አይመልስም። ሰዎች ደጃቸውን ዘግተው የእጃቸውን ሥራ ይሠራሉ።

ወይዘሮ አንጓች ባላቸውን ይዘው እንደገና የመጡት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። አቶ ቢምረው ሳይደናበሩ ገቡ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ውባለም አየቻቸውና ዓይኗን አላመነችም። ሞራው የለም። የግራ ዓይናቸው ነጭ የሕፃን ዓይን ይመስል ጠርቷል፣ የደም ሥር እንኳ አይታይበትም። ሰሌዳውን ከበሩ አጠገብ አንሥታ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ወሰደችው፤ የመጨረሻዋን፣ እሷ ራሷ የማትለያትን መስመር፣ ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች እያደረጉ አንዲት ሳይስቱ ጨረሱ። ጆሮአቸውን ሳበችና ተመለከተች። ኩክ የለም፤ ፀጉር የለም፤ ቀዳዳው ማንም ኖሮበት እንደማያውቅ አዲስ ቤት ንጹሕ ነው። ከውስጡ ሽታ መጣ፤ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ የእርጥብ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ከኋላቸው ቆማ ትንፋሿን ማስወጣት ስትጀምር፣ ስማቸውን ገና ሳትጠራ፣ «አቤት» አሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ሳሉ ጠፍቷል።

ልቧ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። አንድ ነገር ድኗል፤ እንዴት እንደዳነ ባታውቅም የዳነ ዓይንና የዳነ ጆሮ ፊቷ ተቀምጧል፤ ሐሳቧ ደግሞ ወዲያው ወደ ልጇ ሄደ። ባትሪዋን አበራችና ብርሃኑን ከጎን አመጣችው። ብሌኑ አልጠበበም። ወደ ሌላው አዞረችው። ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ገባና ወደቀ፤ ጥቁሩ ክብ ግን ንቅንቅ አላለም። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብላ ኮሪደር ላይ የሚያልፉትን እትዬ ያልጋነሽን ጠርታ ዓይናቸው ላይ አበራችው፤ የያልጋነሽ ብሌን እንደ ወጉ ጥብብ አለ። ያልጋነሽ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አዩና መወልወያቸውን እዚያው ጥለው ሄዱ።

«ሲስተር» አሉ ወይዘሮ አንጓች ከበሩ ሥር። «ይሄኛውን ምን ላድርገው?»

ውባለም ዞር አለች። እኒህ ሴት ባላቸውን «እሳቸው» እንጂ አንድም ቀን «እሱ» ብለው አያውቁም ነበር።

«እንዴት... ይሄኛውን?»

«ሰኞ ለታ ከእርሻ ሲመለሱ ከኋላ ጠራኝ አሉ። አቤት አልኩት አሉ። ይህን ያሉት አጥሩ ማዶ ሆነው ነው፤ ወዲህ የገባው ግን ይሄ ነው። አይበላም። አያስልም። ላሞቹ በረት አልገባ ብለውኛል። ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ በጨለማም ያየኛል።»

ያን ጊዜ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ከአፋፉ በታች ድምፅ መጣ። «አንጓች!» ሳል ተከተለ፤ ያ ትምባሆ የበላው፣ የሚያፍን ሳል። «አንጓች! ኧረ አንቺ አንጓች! መንገዱ ጠፋኝ እኮ!» ውባለም ድምፁን አወቀችው። ወር ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ አቤት ያሰኘችው ድምፅ ነው። ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አንገቱን ወደ ድምፁ አዘነበለ፤ ጥቂት አደመጠ፤ ከዚያ ተነሣና መስኮቱን ቀስ ብሎ፣ መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ዘጋው። ተመልሶ ተቀመጠ። ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተና ቀጣዩን ፈተና ጠበቀ።

ውባለም ሴትየዋን ወደ ኮሪደር ጎትታ አወጣቻቸው። «እንዳይመልሱ» አለች፤ ድምፅዋ የእሷ አልመስል አላት። «ውጭ ያለው እሳቸው አይደሉም። ድምፃቸውን የሰረቀ ነገር ነው። እሳቸው ታመዋል፣ ይኸው ወንበር ላይ አሉ። ምንም ቢልዎት እንዳይመልሱለት።»

ወይዘሮ አንጓች ሊሉ የፈለጉት ነገር ነበር፤ ግን ነጭ ጋውን ለብሳለችና «እሺ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የዳኑ ሰዎች በዙ። ልብስ ሰፊዋ አበዙ መነጽሯን ጥላ መጣች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ፤ ቀኝ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ድፍን ነበር፣ አሁን ግን ከግቢው ማዶ ሰው የሚያስበውን እንኳ የሚሰማ ይመስላል። ሁሉም ጤነኞች፣ ሁሉም ንጹሐን፣ የሁሉም ብሌን ሰፊና የማይንቀሳቀስ። ያመጧቸው ቤተሰቦች ጥለዋቸው ስለሚሄዱ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ አንዱ ከሌላው ሳይነጋገር፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ መልሰው ይውላሉ። ጉሙ መጥቶ ሲሸፍናቸው አይነሡም፤ ሲገለጥ እዚያው ናቸው። ከገደሉ በኩል የሚጣራው ድምፅም በዛ። ቃሉ አሁን ይለያል፤ ስሞች ናቸው፤ የሚስት፣ የእናት፣ የልጅ ስም። እትዬ ያልጋነሽ ጆሮአቸውን በጥጥ ደፍነው መሥራት ጀመሩ። ውባለምንም መወልወያውን ሲያስቀምጡ የሚወጣው ድምፅ እያስበረገጋት ነበር።

ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ደወለች። ዓይናቸውም ጆሮአቸውም ድኗል፣ ብሌናቸው ግን አይሠራም ስትል፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ሳቀና «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ተመልሳ ትምህርት ቤት ሄደች። ክፍል በክፍል እየገባች፣ ከኋላ የሚጠራችሁን እንዳትመልሱ፣ መጀመሪያ ዙሩና ፊቱን እዩ ብላ ለመነች። ልጆቹ ተሳሳቁ። አስተማሪው «ሲስተር፣ ባለፈው ሳትዞሩ መልሱ ብለሽ አልነበር?» ሲላት ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። ጥፋቷ መሆኑን ታውቃለች። ማታ ማታ ትራሷን ነክሳ የምታለቅሰው በዚሁ ነው።

ለኤፍራታ ለብቻዋ ነገረቻት። ጉንጮቿን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እኔም ብሆን እንዳትመልሺ። ፊቴን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ» አለቻት።

«ካልመለስኩ ግን ጆሮሽ አልዳነም ትያለሽ» አለች ልጅቱ። «ከዚያ ትከፊያለሽ።»

«አልከፋም። ሁለተኛ አልከፋም።»

ኤፍራታ እሺ አለች፤ ግን እናቷን ደስ ለማሰኘት የለመደ ልጅ ልማዱን በአንድ ቀን አይተውም። ውባለም ይህን ስለምታውቅ ከዚያ ወዲያ ራሷ ታመላልሳት ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምጥ የያዛት ሴት መጣችና ውባለም ዘገየች። ሕፃኑ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ እናቱ ደረት ላይ ሲደረግ ቀና አለች፤ መስኮቱ ነጭ ሆኗል። ጉሙ እንዲህ ወፍሮ አይታው አታውቅም፤ በበሩ ሥር ገብቶ ወለሉን እየላሰ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ይሆን? እጇ ላይ ያለውን ደም ሳትታጠብ ወደ ኮሪደር ወጣች። እትዬ ያልጋነሽ የሉም። አግዳሚውን በመስታወቱ አሻግራ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ነው። የተነሡበት እርጥብ ምልክት ብቻ እንጨቱ ላይ ቀርቷል።

ከግቢው በር አካባቢ የገዛ ድምፅዋን ሰማች። ትንፋሽ ከወጣ በኋላ የቀረች ጥቂት አየር፣ ከንፈር ላይ የምትቀር፣ በየቀኑ ከዚያ ወንበር ጀርባ የምታወጣት ያቺው ሹክሹክታ፤ ከዚህን ያህል ርቀት መሰማት ያልነበረባት ሹክሹክታ። «ኤፍራታ» አለች። አንዴ ብቻ።

ውባለም እንዴት እንደሮጠች አታውቅም። በረንዳውን ዘለለች፣ ጭቃው ውስጥ ወደቀች፣ ተነሣች፤ ስሟን ብትጠራ ልጅቱ አቤት ትላለች ብላ ፈርታለችና መጥራትም አልቻለች። እጇን ዘርግታ ነጩን እየዳሰሰች ሄደች። የዩኒፎርም ጨርቅ ነካች። ኤፍራታ ቦርሳዋን አዝላ፣ ፊቷን ወደ ጤና ጣቢያው አድርጋ፣ በሩ መሐል ቆማለች። ውባለም አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ወደ ኋላዋ ሳታይ ተመለሰች። ምርመራ ክፍሉ ገብታ በሩን ቆለፈች፣ መድኃኒት መደርደሪያውን ገፍታ አስደገፈችበት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«መለስሽ? አቤት አልሽ እንዴ? ንገሪኝ!»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። አላልኩም ማለቷ ነው።

«የኔ እናት! የኔ ጌታ! ተመስገን!» ውባለም ፀጉሯን ሳመች፣ ግንባሯን ሳመች። ግንባሯ ቀዝቅዟል፤ ጉሙ ነው አለች። ፀጉሯ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፤ ጉሙ ነው። ጋውኗ ኪስ ውስጥ ባትሪው አለ፤ እጇ ሄዶ ጨበጠው፣ አውራ ጣቷ ማብሪያው ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆየ። ብዙ ሰው ዓይን ላይ ያበራች ሴት የልጇ ዓይን ላይ ለማብራት አቅም አጣች። ባትሪውን ለቀቀችውና ልጅቱን አስጠግታ፣ ደህናው ግራ ጆሮዋን ከደረቷ ጋር አጣብቃ፣ በዚያ በኩል ምንም እንዳትሰማ አጥብቃ ያዘቻት። የታመመውማ አይሰማም።

ያን ጊዜ ከውጭ፣ በሩ ሥር፣ «እማዬ!» የሚል ድምፅ መጣ።

የኤፍራታ ድምፅ ነው፤ አንድ ነገር ስታገኝ፣ ስትፈነጥዝ የምታወጣው። «እማዬ! ሰማሁሽ እኮ! በቀኙ ሰማሁሽ! አቤት አልኩ፣ የት ሄድሽ?» ውባለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ቢምረውን፣ ሳላቸውን፣ ወይዘሮ አንጓችን ያለቻቸውን አሰበች። ድምፅ የሚሰርቅ ነገር ነው፤ ምንም ቢል አይመለስለትም። በሩ ተንኳኳ፤ ትንሽ እጅ የሚያንኳኳው ማንኳኳት ነበር። «እማዬ ክፈቺልኝ! ብርድ ነው። እዚህ ሰዎች አሉ፣ እየጠሩኝ ነው። እማዬ!» ደስታው ከድምፁ ቀስ በቀስ እየወጣ፣ ፍርሃት እየገባበት ነው። ደጋግሞ ጠራት። እትዬ ያልጋነሽ ስለሚደጋግም ድምፅ አንድ ነገር ብለዋት ነበር፤ ምን እንደነበረ ሊታወሳት ሲል ሐሳቡን በሙሉ ኃይሏ ገፋችው፤ ጥርሷን እጇ ላይ ነክሳ፣ አፏ ደም ደም እስኪላት፣ ዝም አለች። ልጇን ማዳን ማለት ዝም ማለት ነው፤ ሌላ አታውቅም።

ድምፁ ከበሩ ራቀ። ወደ መስኮቱ ዞረ፤ መስታወቱን በጣት ጫረ። «እማዬ፣ ተቆጥተሽ ነው? ሁለተኛ አልመልስም...» ከዚያ በረንዳው ላይ፣ ከዚያ ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ ከዚያ አጥሩ ጋ፤ ልቅሶ ብቻ ሆነ፤ ከገደሉ በኩል ሌሎች ድምፆች ተቀበሉት፣ ተቀላቀለ፣ ቀጠነ። ውባለም ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ከራሷ ልብ ምት በቀር የሚሰማ ነገር አልቀረም። እውነት ርቆ ይሁን ወይስ ዝም ብሎ ቆሞ እየጠበቀ ይሁን ለማወቅ አልቻለችም፤ የእሷ ጆሮ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። በሩን ትክፈት ወይስ ትቆይ?

እቅፏ ውስጥ ያለችው ልጅም ታዳምጥ ነበር፤ ግራ ጆሮዋ እናቷ ደረት ላይ እንደተጣበቀ ትንሽ ቆየችና፣ በለስላሳ ድምፅ፣ «ሄደች» አለች።